ይታያል

ለአሥር ሰዓት ነበር ስብሰባው የተጠራው፣
አሥራ አንድ ተኩል ሆነ ሰው እስኪሟላው።
ሃያ አንድ ወንበር አለ፤ የመጣው አሥር ሰው፤
አሥራ አንደኛውን ዘበኛው ነው ያስቆመው፣
ሶርሳን፣ ከነባጃጁ፣ ከአሞራ ገደል ሲመለስ።
ተሳፋሪዋም «ቶሎ ካለቀ» ብላ ገባች፣
ከኋላ ተቀመጠች፣ የዓሣ ፌስታሏን ጉልበቷ ላይ አስቀመጠች።
አጥሩ ላይ ሁለት አባ ኮዳ፣ አንገታቸውን ቀብረው፣
እንደ ታዛቢ ቆመዋል፣ ዓይናቸውን ፌስታሉ ላይ ተክለው።

እኔ ጸሐፊ ነኝ። የተባለውን ማሳጠር ነው ሥራዬ፤
የተጮኸው አይገባም ከቃለ ጉባኤዬ።
አቶ ላቂሶ ጠረጴዛ ሲመቱ «አስተያየት ሰጡ» እላለሁ፣
ሲያኮርፉ «ድምፀ ተአቅቦ»፣ ሲወጡ «በፈቃድ» ብዬ እሞላለሁ።

አጀንዳ አንድ። ያለፈው ቃለ ጉባኤ ተነበበ።
አንዱ «ነጠላ ሰረዝ ጎድሏል» አለ፣ ሌላው «በዝቷል» አለ።
ሃያ ደቂቃ በነጠላ ሰረዝ አለቀ፤
የሐይቁ ነፋስ በተሰበረው መስኮት ገብቶ
ገጹን ገለጠልኝ፣ ያነበበ መስሎ ራቀ።

አጀንዳ ሁለት። የቦዩ ክዳን፣
ከትምህርት ቤቱ አጥር ሥር የተሰነጠቀው።
«ከማዘጋጃ ቤቱ ጋር እየተጻጻፍን ነው» አሉ ሰብሳቢው።
በሦስት ዓመት ከዚህ ቢሮ ሰባት ደብዳቤ ወጥቷል፤
ከቦዩ ግን እስካሁን የወጣው ፍየል ነው።

አጀንዳ ሦስት።
ወይዘሮ ባዩሽ ሎንሰቆ እጃቸውን አወጡ።
ስምንት ስብሰባ ሙሉ ይህንኑ ነው ያመጡ፦
ከወፍጮ ቤቱ አለፍ ብሎ፣ አሥራ አራተኛው ምሰሶ።
አምፖሉ ከተቃጠለ ቆይቷል።
ልጃቸው ከፓርኩ የማታ ፈረቃ ጨርሳ ስትመጣ
በዚያ ነው የምታልፈው፣
ኮቴዋ እንዳይሰማ ጫማዋን በእጇ ይዛ።

(ጫማውን አልጻፍኩትም። «የመንገድ መብራት ጥያቄ» ብቻ ነው ያልኩት።)

«ይታያል» አሉ ሰብሳቢው።
እጄም ለምዶታል፣ ገና ሳይሉ ጽፎታል፤
ስምንት ገጽ ላይ ስምንት «ይታያል» ተኝቷል።
ባዩሽ ግን አልተቀመጡም።
«ሚያዝያ ላይ ይታያል፣ ይታያል አላችሁኝ ሰኔ፤
በጨለማ ምን ይታያል? እስቲ ንገሩኝ ለእኔ!
እንዲታይማ፣ ጌታዬ፣ መጀመሪያ ይብራ።»

ሰብሳቢው ጉሮሯቸውን ጠረጉ፣ መነጽራቸውን አወለቁ፣
አፋቸውን ሊከፍቱ ሲሉ

መብራት ጠፋ።

የአዳራሹም፣ የሰፈሩም፣ እስከ ሐይቁ ዳር ድረስ።
ትንሽ ዝም ተባለ። ወንበር ተንቋቋ።
«የምትደግፉ እጅ አውጡ» የሚል ድምፅ መጣ ከጨለማ።
አውጥተን ይሆናል።
ማን ማንን አይቶ ይቆጥራል?
አንድ ሰው ሳቀ፤ ከዚያ ሁለት፤
ከዚያ የዓሣዋ ሴትዮ፣ ሆዷን ይዛ፣ ከሁሉም በላይ።

ጠቅ።
ባዩሽ ከነጠላቸው ሥር ባትሪያቸውን አበሩ፣
ወገቡ በፕላስተር የታሰረ፣
በየማታው ልጃቸውን የሚቀበሉበት።
ብርሃኑን በእጆቹ ላይ አንድ በአንድ አሳለፉ፣
ጣት በጣት፣ እንደ መምህር።
የላቂሶ እጅ እንኳ ነበረ፣ ግማሽ የወጣ፣ ክርኑ ጠረጴዛ ላይ።
አሥራ ሁለት ቆጠርኩ።
አሥራ ሁለተኛው የዓሣዋ ሴትዮ ነው፤ ድምፅ የላትም፤
አሥራ አንድ ብዬ ጻፍኩ፣ እጇን ግን አልረሳሁትም።

«ማኅተም ይደረግበት» ተባለ።
የሳጥኑ ቁልፍ ገንዘብ ያዡ ጋ ነው፣
እሳቸውም ይርጋለም ለቅሶ ሄደዋል።
ስለዚህ ውሳኔው ውሳኔ ነው፣ ማኅተሙ እስኪመጣ ግን አይደለም።

ባዩሽ አጠገቤ መጥተው ደብተሬ ላይ አበሩልኝ።
እጃቸው ትንሽ ይንቀጠቀጣል፤ መስመሩ አብሮ ይንቀጠቀጣል።
«ጻፊ፣ ልጄ» አሉኝ።
«ይታያል» ልል ጀምሬ «ይ» ላይ ቆምኩ፣
«ይ»ን ሳልሰርዝ «ይብራ» ብዬ ጨረስኩ።
ከሥሩም፣ ቅጹ የማይጠይቀውን አንድ መስመር ጨመርኩ፦

ስብሰባው ያበቃው፦ ከምሽቱ አንድ ሰዓት ከሩብ።
ብርሃን፦ የወይዘሮ ባዩሽ።